ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ ሴት ተወዳዳሪዎቹስ?

መስከረም 2018 ዓ.ም. ላይ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ ተካሄደ። አዘጋጇ ኪጋሊ ነበረች። ከዚያ ወዲህ የብስክሌት ወሬ በተነሳ ቁጥር ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው አንድ ጥያቄ ይወረውራል። ይህች ከተማ የብስክሌት ከተማ አይደለችም እንዴ? ሜዳ ናት፤ ልጁ ሁሉ ፔዳል እየመታ ነው ያደገው። ታዲያ በዓለም መድረክ የምናያት የባሕር ዳር ሴት ብስክሌተኛ የት አለች?

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሶቹ ግን ተደበላልቀዋል። አንዱ ብስክሌቱ ውድ ነው ይላል። ሌላው ባህሉን ይወቅሳል። ሌላው ደግሞ ቬሎድሮም (የብስክሌት መወዳደሪያ መም) ካልተሠራ ምንም የለም ባይ ነው። በቅርቡ አንድ አዲስ መልስ ተጨምሯል፦ የኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ይዞ መጥቷል፣ አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው፣ እንግዲህ ሻምፒዮኖቹ በራሳቸው ጊዜ ይመጣሉ የሚል።

ሁሉም ውስጥ ትንሽ እውነት አለ። ግን አንዲት ሴት ብስክሌተኛ ከመጀመሪያ ቀኗ እስከ ጡረታዋ ምን ምን ደረጃ እንደምታልፍ ሳናይ የትኛው መልስ እንደሚያስኬድ መለየት አንችልም። ስለዚህ ከዚያ እንጀምር።

የገበያ ብስክሌትና የውድድር ብስክሌት

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ስትባል ስለ ስፖርት ተብሎ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ ሥራ ሲጀምሩ ከተማዋ ሠራተኛና ተማሪ የሚመላለስባት ሆነች። መሬቱ ለጥ ያለ ነው። ርቀቱም አጭር ነው። ብስክሌት ርካሽና አመቺ ነበር። ኋላ ባጃጅ መጣና ብዙውን ተሳፋሪ ወሰደ፤ ብስክሌቱም ቀነሰ። ስሙ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ለመጓጓዣ የሚነዳ ሰው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ጥሩ ነው። ኪጋሊ ላይ የሴቶቹ ውድድር ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ ያውም አቀበት በአቀበት። ካናዳዊቷ ማግዳሌን ቫሊየር አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነድታ አሸነፈች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የፍጥነት ብቻ አይደለም። ሥራው ራሱ ሌላ ነው።

ጥቂት ቃላት ላይ እንስማማ። እኛ ጋ ኮርስ የሚባለው ጎማው ቀጭን፣ መሪው ወደ ታች የታጠፈ የውድድር ብስክሌት ነው። ማውንቴን ደግሞ ጎማው ወፍራም ነው፤ ለኮረኮንችና ለጭቃ ይሆናል። የጎዳና ውድድር ሁሉም አንድ ላይ ተነስቶ ቀድሞ የገባ የሚያሸንፍበት ነው። ክሮኖ ላይ ተወዳዳሪዋ ብቻዋን ትነሳለች፤ የምትሮጠው ከሰዓቱ ጋር ነው። የትራክ ውድድር የሚካሄደው ቬሎድሮም ውስጥ ነው። ቬሎድሮም ሞላላ መም ነው፤ ለኦሊምፒክ ደረጃ አንድ ዙሩ 250 ሜትር ነው። መታጠፊያዎቹ ከ40 ዲግሪ በላይ ያዘነበሉ ስለሆኑ ከሩቅ ሲታዩ ግድግዳ ይመስላሉ። የትራክ ብስክሌት ፍሬን የለውም። ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል፤ እግርን አሳርፎ መንሸራተት የሚባል ነገር የለም።

ከትምህርት ቤት ግቢ የተነሳች ሴት

የሴት ብስክሌተኛን የሥራ ዘመን ለመረዳት የእንግሊዟ ሊዚ ዴይግናን ጥሩ ምሳሌ ናት። ከትራክ ተነስታ ጎዳና ላይ የነገሠች ናት። መነሻዋም ለእኛ ጥያቄ ቅርብ ነው። (ከዚህ በታች የውጭዎቹን ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

የተወለደችው በ1988 ነው፤ ያደገችው ሰሜን እንግሊዝ ኦትሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ያን ጊዜ ስሟ ሊዚ አርሚትስቴድ ነበር። በ2004 የብሪታንያ ብስክሌት ፌዴሬሽን ባለሙያዎች ተሰጥኦ ፍለጋ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄዱ። ልጆቹን ብስክሌት ላይ አውጥተው ጉልበታቸውን ለኩ። እሷ ተገኘች። ልብ በሉ፤ እሷ ወደ ፌዴሬሽኑ አልሄደችም። ፌዴሬሽኑ ነው ወደ እሷ የሄደው።

ከዚያ ወደ ትራክ ገባች። ከአምስት ዓመት በኋላ በ2009 ፖላንድ ላይ በቡድን አሳዳጅ ውድድር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ቡድን አሳዳጅ ማለት ሁለት ቡድኖች ከመሙ ተቃራኒ ጎን ተነስተው የሚሳደዱበት ውድድር ነው። ያኔ ለሴቶች ሦስት ሆነው 3 ኪሎ ሜትር ነበር። አሁን እንደ ወንዶቹ አራት ሆነው 4 ኪሎ ሜትር ነው።

ቀጥሎ ጎዳና መጣ። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ በዝናብ ውስጥ ከሆላንዷ ማሪያኔ ቮስ ቀጥላ ገባች። ያ ብር ለአዘጋጇ ሀገር የጨዋታዎቹ የመጀመሪያ ሜዳሊያ ነበር። በ2015 የጎዳና የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ2016 ችግር ገጠማት። ታዋቂ ስፖርተኞች በየቀኑ የት እንደሚገኙ ለፀረ ዶፒንግ መርማሪዎች ማሳወቅ አለባቸው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሳይገኙ ከቀሩ ይቀጣሉ። በእሷ ላይ ሦስት ተቆጠረ። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ አንዱን ሰረዘላትና ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ ተወዳድራ አምስተኛ ወጣች። ወሬው ግን ለረጅም ጊዜ ተከትሏታል። ይህን ያነሳሁት ለሐሜት አይደለም። ስልክ በማይሠራበት፣ አድራሻ በቀበሌና በሰፈር ስም በሚነገርበት ቦታ ለምትኖር ልጅ ይህ ደንብ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው።

በ2018 ሴት ልጅ ወለደች። በዓመቱ ተመለሰች። በ2021 ደግሞ የፓሪስ ሩቤን የመጀመሪያውን የሴቶች ውድድር አሸነፈች። ፓሪስ ሩቤ ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ በድንጋይ ንጣፍ ላይ የሚነዳ ውድድር ነው። የወንዶቹ ከ1896 ጀምሮ አለ። ሴቶቹ 125 ዓመት ጠበቁ። እሷ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ብቻዋን ወጣች፤ መሪው መዳፏን ልጦት በደም ገባች። በ2022 ሁለተኛ ልጇን ወለደች፤ በ2025 ሦስተኛዋን ስታረግዝ ከውድድር ተሰናበተች።

ከፈተናው ቀን እስከ ስንብቱ 21 ዓመት ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሀብት ወይም ቅንጦት የሚያስፈልገው ብዙ ነገር አለ። የመጀመሪያው እርምጃ ግን ርካሹ ነበር። ሰዓትና መለኪያ የያዘ ሰው ትምህርት ቤት ሄደ።

ትራኩ ለምን ይጠቅማል?

ብዙ የጎዳና ጀግኖች ትራክ ላይ አልፈዋል፤ ወይም ሁለቱንም ጎን ለጎን ይዘዋል። ሆላንዳዊቷ ሊዮንቲን ፋን ሞርሰል በ2000 ሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ ሁለት ወርቅ በጎዳና፣ አንድ ወርቅ በትራክ ወሰደች። ማሪያኔ ቮስ የ2008 የኦሊምፒክ ወርቋን ያገኘችው በትራክ ነው፤ የ2012ቱን በጎዳና። ቤልጂጋዊቷ ሎተ ኮፔኪ በ2023 እና በ2024 የጎዳና የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን በትራክም በተደጋጋሚ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። 250 ሜትር ዙር ላይ አሠልጣኙ ልጅቷን ከዓይኑ አያጣትም። ጎዳና ላይ ግን ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ትሰወርበታለች። መሙ ላይ መኪና የለም፣ ጉድጓድ የለም፣ ከብት የለም። ፍሬን ስለሌለ ልጅቷ አርቃ ማየትና ቀድማ ማሰብ ግድ ይላታል። ፔዳሉ ስለማይቆም እግሯ በእኩል መዞርን ይለምዳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጠጋግቶ መንዳትን ትማራለች።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከስፖርቱ ውጪ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የማያስተውለው ነው። ብስክሌት ላይ ትልቁ ባላጋራ ነፋስ ነው። ፊት ያለችው ነፋሱን ትሰብራለች። ከኋላዋ ጎማ ለጎማ የተጠለለችው ከ30 በመቶ በላይ ጉልበት ትቆጥባለች። ስለዚህ ከሰው ኋላ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር መንዳት የማትችል ልጅ፣ ሳንባዋ የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ ቀድማ ትደክማለች። ከእኛ አካባቢ ወጥተው አውሮፓ የደረሱ ተወዳዳሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ጉልበቱ አለ። በመቶ ሰው መሀል መንዳት ግን የሚለመደው በመቶ ሰው መሀል ብቻ ነው።

ታዲያ ቬሎድሮም ከሌለ ተስፋ የለም ማለት ነው? አይደለም። አሜሪካዊቷ ክሪስተን ፎክነር ዩኒቨርሲቲ ሳለች ጀልባ ቀዛፊ ነበረች። የውድድር ብስክሌት የያዘችው በ2017 ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ በጀማሪዎች ሥልጠና ነው፤ ያኔ ሥራዋ የኢንቨስትመንት ባለሙያነት ነበር። በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ የጎዳናውንም የቡድን አሳዳጁንም ወርቅ ወሰደች። የሞሪሸሷ ኪምበርሊ ለ ኩር ደግሞ ከማውንቴን ብስክሌት ነው ወደ ጎዳና የተመለሰችው። በ2025 የቤልጂጉን የአንድ ቀን ውድድር ሊዬዥ ባስቶኝ ሊዬዥን አሸነፈች፤ በዚያው ዓመት በሴቶች ቱር ደ ፍራንስ መሪዋ የምትለብሰውን ቢጫ ማሊያ ለበሰች። አፍሪካዊት ሴት ይህን ስታደርግ የመጀመሪያዋ ናት። የኪጋሊዋ ነሐስ አሸናፊ ስፔናዊቷ ማቪ ጋርሲያ ደግሞ 41 ዓመቷ ነበር። መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜውም እንደ ጂምናስቲክ የተጣበበ አይደለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በ2023 ጣሊያናዊቷ ቪቶሪያ ቡሲ በአንድ ሰዓት 50.267 ኪሎ ሜትር ነድታ 50ን ያለፈች የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው ሜክሲኮ አጉዋስካሊየንቴስ በሚገኝ ቬሎድሮም ነው። የዚያች ከተማ ከፍታ ከባሕር ዳር ብዙም አይርቅም። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ኦክስጅን ቢቀንስም ነፋሱ የሚይዘው ያነሰ ነው። ቬሎድሮም ቢኖር ጣና ዳር ፈጣን መም ይሆን ነበር ማለት ነው። ግን ጣራ ያለው ቬሎድሮም መሥራት ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ የሚነዳበት ሰው ከሌለ ደግሞ ባዶ አዳራሽ ሆኖ ይቀራል። ተወዳዳሪ ሳይኖር መም የማስቀደምን ሐሳብ እኔ አልደግፍም።

ገንዘቡስ?

በሴቶች ብስክሌት ገንዘብ የገባው በቅርቡ ነው። የዓለም ብስክሌት ማኅበር (ዩሲአይ) ለከፍተኛ ደረጃ የሴቶች ቡድኖች ዝቅተኛ ደመወዝ የደነገገው በ2020 ነው፤ በዓመት 15,000 ዩሮ ነበር። ኋላ ተሻሽሎ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኗል። የወሊድ ፈቃድም በዚያው ጊዜ ገባ። ከዚያ በታች ባሉት ኮንቲኔንታል በሚባሉ ቡድኖች ግን ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። ከአፍሪካ የምትሄድ ልጅ ብዙ ጊዜ የምትገባው እዚህ ነው። ዴይግናን ሩቤን ስታሸንፍ የአዘጋጆቹ ሽልማት 1,535 ዩሮ ነበር፤ የወንዶቹ 30,000። ቡድኗ ልዩነቱን ከኪሱ ሞላላት።

እዚህ ያለው ወጪ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ለዓለም ደረጃ የሚሆን ኮርስ ብስክሌት ከ10,000 ዩሮ በላይ ሊሸጥ ይችላል። ለጀማሪ ያን ያህል አያስፈልግም። ግን ያገለገለ ኮርስም ቢሆን በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ብር በዶላር ሲመነዘር ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል። ለተራ ብስክሌት ካላማዳሪያ የሚያገኝ ልጅ ለኮርስ ቀጭን ጎማና ካቴና ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ብስክሌቱ ውድ ነው የሚሉት አልተሳሳቱም። ችግራቸው እዚያው ላይ መቆማቸው ነው።

መቀሌና አስመራ ምን ነበራቸው?

ሜዳማ መሬት ብስክሌተኛ የሚያፈራ ቢሆን ኖሮ ባሕር ዳር የኢትዮጵያን ብሔራዊ ቡድን ትሞላ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ ከትግራይ ነው። በቶኪዮ ኦሊምፒክ የጎዳና ውድድር ኢትዮጵያን የወከለችው ሰላም አምሃም ከትግራይ ናት። መቀሌ ዙሪያዋ ጋራ ነው። የነበራት ሌላ ነገር ነው፦ ክለቦች። ክለብ ሲኖር ደመወዝ አለ፣ ብስክሌት አለ፣ አሠልጣኝ አለ። ዋናው ደግሞ ተቀናቃኝ አለ። ታናሿ ታላቋን ታያለች፤ ሳምንት ሳይሞላ ትፎካከራታለች።

አስመራም እንደዚያው። የኤርትራ ዙር ውድድር የተጀመረው በ1946 ነው። ሰፈር ለሰፈር መወዳደር የከተማው ልማድ ሆኖ ቆይቷል። በ2024 የቱር ደ ፍራንስን አረንጓዴ ማሊያ፣ ማለትም የነጥብ አሸናፊውን ማሊያ፣ የወሰደው ቢንያም ግርማይ ከዚያ ነው የወጣው። አስመራም ሜዳ አይደለችም፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ ዙሪያዋ ቁልቁለት ነው።

የሚያሳዝነው ይህ ዓይነቱ ነገር በቀላሉ መፍረሱ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የዘለቀው ጦርነት የትግራይን የብስክሌት ሕይወት አቋርጦታል። ስዊዘርላንድ ኤግል ከተማ በሚገኘው የዓለም ብስክሌት ማኅበር ማዕከል የሠለጠነችው እየሩ ተስፋኦም ለኢትዮጵያ ስትወዳደር ቆይታ ፈረንሳይ ጥገኝነት ጠየቀች። በ2024 ፓሪስ ላይ የነዳችው በስደተኞች ኦሊምፒክ ቡድን ማሊያ ነው። ብስክሌት መንገድ ይፈልጋል። መንገድ ደግሞ ሰላም ይፈልጋል። ይህ አሁን አማራ ክልልንም ይመለከታል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ባለው ግጭት ከባሕር ዳር ወጥቶ ረጅም ርቀት መለማመድ እንደ ድሮው አይደለም።

ልጅቷ ብስክሌቱን የምትተወው መቼ ነው?

ስለ ባህል የሚነሳው ክርክር ሁለት ጫፍ ይዟል። አንዱ ወገን ችግሩ ሁሉ ባህል ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ባሕር ዳር ውስጥ ሴት ልጅ ብስክሌት መንዳት ነውር ሆኖ አያውቅም፣ ይህ ሰበብ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ለትንንሽ ልጆች ትክክል ነው። ሕፃናት ሴትም ወንድም ይነዳሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ከ12 እና 13 ዓመት በኋላ ነው። ያኔ የቤት ሥራው ይጨምራል። ቀሚሱ ይረዝማል። መንገድ ላይ ለከፋው ይጀምራል። ወንዱ እንደነዳ ይቀጥላል፤ እሷ ትወርዳለች።

አንዳንድ ቤተሰብ በግልጽ የማይናገረው አንድ ሥጋትም አለ፤ ብስክሌት ክብረ ንጽሕናዋን ያጎድልባታል የሚል። ሐኪሞች የሚሉት ቀላል ነው። የዚያ የሰውነት ክፍል ሁኔታ ከሴት ሴት በተፈጥሮው ይለያያል፤ አንዲት ልጅ ግንኙነት ፈጽማለች ወይም አልፈጸመችም ለማለት ማረጋገጫ አይሆንም። ይህን በጓዳ ሹክሹክታ ከመተው የስፖርት መምህሯ ወይም የጤና ባለሙያ ለእናትየው በቀጥታ ቢያስረዳት ይሻላል።

እንግዲህ ዕድሜዎቹን እናስተያይ። ዴይግናን የተለካችው በ15 ዓመቷ ነው። የባሕር ዳር ልጅ ግን መለኪያው ቢመጣም እንኳ በ15 ዓመቷ ብስክሌት ላይ የለችም። ባህል የሚሉትና ባህል አይደለም የሚሉት ስለተለያየ ዕድሜ እያወሩ ነው።

«ሩጫው አይሻልም ወይ?»

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ይህ ነው። ሳንባና ጽናት ያላት ልጅ ለምን ብስክሌት ትመርጣለች? ሩጫ ጫማና መንገድ ብቻ ይፈልጋል። ክለቡ አለ፣ አሠልጣኙ አለ፣ ማናጀሩ አለ። አንድ የጎዳና ላይ ሩጫ ያሸነፈች ልጅ ለቤተሰቧ ቤት ልትሠራ ትችላለች። ብስክሌት ላይ እዚያ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ተሳክቶም ቡድኑ ደመወዝ ላይከፍል ይችላል።

በእኔ እይታ ይህ ክርክር ለቤተሰብ ውሳኔ ትክክል ነው። ለከተማ ግን ሙሉ መልስ አይሆንም። ሁሉም ጎበዝ ልጅ ለሩጫ አይሆንም። ሩጫ ቀላል ሰውነት ይወዳል። ትራክና ሜዳማ ጎዳና ደግሞ ጠንካራ ጭንና ከፍ ያለ ጉልበት ይፈልጋሉ። ጉልበቱ የሚለካው በዋት ነው፤ አንዲት ሴት ፔዳሉ ላይ በአንድ ሰከንድ የምታሳርፈው ሥራ ማለት ነው። አቀበት ላይ ዋቱ ለኪሎዋ ይካፈላል። ሜዳ ላይ ግን ኪሎው ብዙም አይጎዳትም፤ ጠቅላላ ዋቱ ነው የሚያስኬዳት። ሯጭ ክለብ «ከብደሻል» ብሎ የመለሳት ልጅ የቡድን አሳዳጅ ወይም የክሮኖ ልጅ ልትሆን ትችላለች። ያችን ልጅ ዛሬ የሚፈልጋት የለም። ሩጫው ትቷታል፤ ብስክሌቱም አያውቃትም።

በኢትዮጵያ ታሪክም ብስክሌት እንግዳ አይደለም። ሀገሪቱ በ1956 ሜልቦርን ላይ መጀመሪያ ኦሊምፒክ ስትገባ ይዛቸው የሄደችው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ነበር።

ጣና ዳር ምን ይቻላል?

ባሕር ዳር ላይ የጎደለው ውድድር ነው። ብስክሌት ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ቬሎድሮም ደግሞ ከሁሉም በኋላ።

ለጀማሪዎች የሚሆነው ውድድር ለማዘጋጀት ብዙም አይከብድም። ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የከተማ ዙር እሑድ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ይዘጋል። ልጆቹ ደጋግመው ይዞሩታል። በየአምስት ዙሩ ቀድማ መስመሩን ያለፈች ነጥብ ታገኛለች። ይህ የትራክ ነጥብ ውድድር ወደ አስፋልት ወረደ ማለት ነው። ከቬሎድሮም ትምህርት ብዙውን ይሰጣል፦ መጠጋጋት፣ መታጠፍ፣ መፍጠን፣ ማረፍ፣ ደግሞ መፍጠን። ተመልካቹም የተወዳዳሪዋን ጀርባ አንዴ አይቶ አይሄድም፤ በየሦስት አራት ደቂቃው ከፊቱ ታልፋለች። እናትና አባት ልጃቸውን በዓይናቸው ስለሚያዩ የደኅንነት ሥጋታቸው ይቀላል። የፀጥታው ሁኔታ ከከተማ ለመውጣት በማያመችበት ጊዜም ይሠራል። መነሻው በኮርስ ብቻ ይሁን ማለት አያስፈልግም። ተራ ብስክሌት ለተራ ብስክሌት፣ ማውንቴን ለማውንቴን ማወዳደር ይቻላል።

የሴቶች ምድብ ግን ራሱን የቻለ መሆን አለበት። ሦስት ልጆች ብቻ ቢመጡም ለብቻቸው ይነሱ፤ ሽልማቱም እኩል ይሁን። ከወንዶቹ ጋር ተቀላቅለው ሦስተኛው ዙር ላይ ተደርበው ከወጡ በቀጣዩ እሑድ አይመጡም።

መለካቱም አይከብድም። አንድ ቋሚ ብስክሌትና ዋት የሚያነብ መሣሪያ በቂ ነው። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ያሉትን ልጃገረዶች፣ ከመውረዳቸው በፊት፣ በአጭር ርቀትና በጥቂት ደቂቃ ሙከራ ማየት ይቻላል። ከተማዋ የስፖርት ትምህርት ክፍል ያለው ዩኒቨርሲቲ አላት። ተማሪዎቹ ይህን የልምምድ ሥራቸው አድርገው ሊይዙት ይችላሉ።

ከዚያ በኋላ መሬቱ ራሱ መሥራት ይጀምራል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ነፋሱ ከጣና ወደ የብስ ይነሳል። በጎንደር መንገድ ወደ ሐሙሲትና ወረታ የምትነዳ ልጅን ከሰዓት በኋላ ከግራ ጎን ይመታታል። የጎን ነፋስ አውሮፓ ውስጥ ውድድር የሚቆርጥ ነገር ነው፤ ሰያፍ ሠርተው መጠለል የማይችሉ ቡድኖች እዚያ ይበታተናሉ። ከወረታ ደብረ ታቦር ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 900 ሜትር ያህል ያስወጣል። ሰላሙ ሲመለስ ሜዳውም፣ ነፋሱም፣ አቀበቱም በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ይገኛሉ ማለት ነው።

የብስክሌት መስመሮቹስ? ጥቅማቸው እውነት ነው፤ ግን እንደሚወራው አይደለም። መስመር ተወዳዳሪ አያፈራም፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው እዚያ ላይ ከእግረኛ ጋር ይጋጫል። የሚሠራው ሌላ ነገር ነው። የ13 ዓመቷ ልጅ ከባጃጅና ከሲኖትራክ ተለይታ ትምህርት ቤት መድረስ ከቻለች ቤተሰቧ ብስክሌቱን አይቀማትም። መስመሩ ላይ ቆሞ የሚለክፋት ካለ ግን ያው ትወርዳለች፤ አስፋልቱ ቢያምርም ባያምርም።

ይህ ሁሉ ነገ ቢጀመር ውጤቱ በአንድ ኦሊምፒክ አይታይም። ዓለም አቀፉ የወጣቶች ምድብ 17 እና 18 ዓመት ነው። ዛሬ ሰባተኛ ክፍል ያለች ልጅ ለዚያ ምድብ አራት ዓመት ገደማ አላት። ከዚያ ወደ ኤግል ወይም ወደ አንድ ትንሽ የአውሮፓ ቡድን ለመሄድ ሌላ ሁለትና ሦስት ዓመት ይጨመራል። እሱም ቪዛው ከተሳካ ነው። የመጀመሪያዎቹ ልጆች መሀል ብዙዎቹ እዚያ አይደርሱም። ከእነሱ የሚቀረው ከኋላቸው ላሉት የሚያሠለጥን፣ ሰዓት የሚይዝ፣ ብስክሌት የሚጠግን ሰው ነው። መቀሌም አስመራም ይህን ሰው ያገኙት እየተወዳደሩ ነው።